ያልተቆለፈው ማቀዝቀዣ ክፍል

ፕሮፌሰሩ የሞቱት ከውስጥ በሚከፈት በር ጀርባ ነው። መርማሪዋን እረፍት የነሳትም ይኸው ነበር። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሊወስዷቸው የመጡት ባለቤታቸው፣ የደም ናሙና በሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ክፍል ወለል ላይ ተኮራምተው አገኟቸው። ከውስጥ በኩል ያለችውን አረንጓዴ የመክፈቻ አዝራር ቢጫኗት በሩ ይከፈት ነበር። ሁሉም አደጋ ነው አለ።

መርማሪዋ ካፖርቷን ደርባ ብቻዋን ገባችና በሩን ዘጋችው። ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ የሆነው ብርድ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። በሩም ግድግዳውም አንድ ዓይነት ነጭ ስለሆነ ለአፍታ መውጫው ጠፋት። አዝራሯን ስታገኝ ከበላይዋ ንጹሕ አራት ማዕዘን ቦታ አየች፤ ዳር ዳሩን ትኩስ ሙጫ ይዞታል። የፕሮፌሰሩ የጥፍር ጭረት ግን በማጠፊያው በኩል ነበር። ሰውየው በማይከፈተው ጎን ሲታገሉ ቆይተዋል።

ፕሮፌሰሩ ወደዚያ ክፍል ሲገቡ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ምክትላቸውና የላብራቶሪ ባለሙያዋ ብቻ ናቸው፤ ባለቤታቸው የደረሱት ሦስት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ምክትሉ ትሑት ሰው ነው፤ ሥራቸውን በትዕግሥት አስረዳት። ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ፣ ሴል ምን ማምረት እንዳለበት የሚቆጣጠሩ ጥቃቅን ነገሮች በደም ውስጥ ይገኛሉ። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቀንስና ማስታወስ ሲዳከም የአንዳንዶቹ መጠን ይለወጣል። እነሱም የበጎ ፈቃደኞችን ደም ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ ይለካሉ። የአለቃውን ጤና ስትጠይቀው፣ «አእምሯቸው ምላጭ ነበር» አላት።

ቤታቸው ስትሄድ ግን ቧንቧው ላይ «ወደ ግራ አዙር»፣ ምድጃው ላይ «አጥፋ» የሚሉ ወረቀቶች አየች። ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፉ።

«መርሳት ከጀመረ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል። እኔም አብሬው ተዘግቶብኝ ነው የኖርኩት።»

ባለሙያዋም ማቀዝቀዣው በር ላይ «ለመውጣት ይህን ተጫን» የሚል የፕሮፌሰሩ ጽሑፍ እንደነበረ፣ እሷ ግን ለአዲስ ሠራተኛ መስሏት እንደነበር ተናገረች።

በማግስቱ መርማሪዋ ሦስቱንም ላብራቶሪው ውስጥ ሰበሰበች።

«ወረቀቱን የላጠው ሰው ሁለት ነገር ያውቃል» አለች። «ፕሮፌሰሩ እንደሚረሱ፣ በዚያች ወረቀትም እንደሚወጡ። ባለቤታቸው ሕመሙን ያውቃሉ፤ እዚህ ክፍል ግን ከዚያ ቀን በፊት ገብተው አያውቁም። ባለሙያዋ ወረቀቱን ታውቃለች፤ ሕመሙን አታውቅም።»

የደም ልኬቱን መዝገብ ገለጠች።

«እዚህ ሌላው ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ ተለክቷል። ቁጥር አርባ አንድ ግን በዚህ ወር ብቻ ዘጠኝ ጊዜ፤ ያውም በእርስዎ እጅ ጽሑፍ» አለችው ምክትሉን። «የማያውቁትን ሰው ደም ዘጠኝ ጊዜ አይለኩም። የስሞቹን ዝርዝር ከፍተን አየን። ቁጥሩ የፕሮፌሰሩ ነው፤ ሕመማቸውን ከደማቸው ደርሰውበታል።»

ምክትሉ ብዙ ሰው ያየው ዝርዝር መሆኑን ሊያስረዳ ጀመረ። እሷ ድምፅዋን ሳታነሳ ቀጠለች። ከእሱ ጠረጴዛ ሥር ካለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አንድ ጓንት ተገኝቷል፤ የተላጠው ወረቀት ተለጥፎበታል። ከጓንቱ ውስጠኛ ክፍልም የራሱ የምክትሉ የጣት አሻራ ተነሥቷል።

ያን ጊዜ ምክትሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ተናገረ። ፕሮፌሰሩ ሕመማቸውን በይፋ ሊናገሩ፣ ከታመሙ ወዲህ የፈረሙበት ውጤትም ሁሉ እንደገና ይመርመር ሊሉ ነበር። ዕድሜውን የፈጀበት ሥራ አብሮ ሊወድቅበት ሆነ። ስለዚህ ወረቀቱን ልጦ፣ አንድ ሳጥን አምጡልኝ ብሎ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ላካቸው፤ ስልካቸው ጠረጴዛቸው ላይ ቀርቷል።

«እጄን አላነሳሁባቸውም» አለ። «በሩም አልተቆለፈም።»

«በሩን ሲደበድቡ ይሰማዎት ነበር?» አለችው መርማሪዋ።

«ይሰማኝ ነበር።»

ባለቤታቸው ቀና አሉ። ፕሮፌሰሩ ከጥቂት ወራት ወዲህ የሚስታቸውን ስም እንኳ ረስተው ነበር።

«ማንን ይጠራ ነበር?»

ምክትሉ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«እኔን» አለ። «ስሜን አልረሱትም።»