የበርሚሏ ሙሽራ

ሐጂ አብዱረሕማን በዓለም ላይ ሁለት ነገር አይወዱም፤ መርፌና ወንዝ ማዶ። መርፌው የስኳር በሽታቸው ነው። ልጃቸው ሙባረካ ካልወጋቻቸው በቀር ራሳቸው ሊነኩት ቀርቶ ሊያዩትም አይፈልጉም። የወንዝ ማዶው ነገር ግን ሌላ ነው። እህታቸው ሩፊዳ ከጓንግ ወንዝ ማዶ ተድራ ነበር፤ በክረምት ምጥ ያዛት። ወንዙ ሞልቶ ሰው አላሳልፍ አለ። ሐጂ ከዚህ ዳር ቆመው ስሟን ሲጠሩ ውለው፣ ከዚያ ዳር ጉድጓድ ሲቆፈር አዩ። የጀናዛ ሰላቷንም የሰገዱት ከዚሁ ዳር ሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ «ልጄን ወንዝ አሻግሬ አልድርም» አሉ፤ አሉ በቃ።

ፍቅር ግን እንዲህ ያለውን ቃል መች ይሰማል?

ቤተሰቡ በየዓመቱ ለአረፋ መተማ ያለውን ሱቅ ዘግቶ፣ ባንድ አይሱዙ ተጭኖ፣ ጓንግ ከተራራ ሥር ጠበብ ብሎ ከሚወርድበት ቦታ ሄዶ ይሰፍራል። የሰሊጥ ሸራ በሁመር ዛፎች መሃል ይወጠራል፤ የገመድ አልጋ ይዘረጋል፤ ልጆች ከቋጥኝ ላይ ወደ ጥልቁ ውሃ ይዘላሉ፤ ሴቶቹ ዓሣ ያጠምዳሉ። በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ድንጋዩም ያልበዋል፤ እዚህ ግን ነፋስ አለ።

አምና ሙባረካ እግሯን ውሃው ውስጥ ዘፍዝፋ መንጠቆ ስትጥል፣ አንድ ነጠላ ጫማዋን ወንዙ ይዞባት ሄደ። ማዶ በትራክተር ውሃ ሊቀዳ የመጣ ወጣት ዘሎ ገብቶ ያዘው።

«ጫማሽ ነው?» ሲል ጮኸ።

«ያንተ ይመስላል እንዴ?»

«እንግዲያው ነይና ውሰጂው!»

«የያዘ ያምጣ!»

ሊወረውርላት ክንዱን ሰበቀ። ጫማው መሃል ወንዝ ላይ ዷ ብሎ ወደቀና ዳግመኛ ሄደ፤ አሁን ግን ላይመለስ። ሙባረካ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልጁ አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ ቀና ሲል ዓይኑ እሷ ላይ ቀረ። ውሃው ይጮኻል። 

ዑበይዳ ይባላል። ከእናቱ ከመጂዳ ጋር ማዶ ሰሊጥ ያርሳል። ከዚያ በኋላ ብሎን አለቀብኝ፣ ቅባት አለቀብኝ እያለ ወደ መተማ፣ ሙባረካ ወደምትሸጥበት ወደ ሐጂ ሱቅ መመላለስ አበዛ። ሐጂ አጠገቧ ስለማይጠፉ ሌላ ወሬ የለም፤ የዕቃ ወሬ ብቻ።

«ይህ የብረት ገመድ ሰው ይችላል?» ብሎ ጠየቃት አንድ ቀን።

«ሰውየው ከባድ ነው?»

«ሴት ናት። እሷስ ቀላል ናት፤ ምላሷ ነው የሚከብደው።»

ሙባረካ ከንፈሯን ነክሳ ገመዱን ጠቀለለችለት። ሐጂ ምንም ሳይጠረጥሩ «ጥሩ ገመድ ነው፤ በረካ ያርግልህ» አሉት።

ቆይቶ ሽማግሌ ላከ። ሐጂ «የት ነው የሚያርሰው?» ብለው ጠየቁ። «ማዶ» ሲባሉ ተነሥተው በሩን ከፈቱላቸው፤ ለመውጫ። ሙባረካም በበኩሏ «ከእሱ ሌላ አላገባም» ብላ ቁጭ አለች። አባትና ልጅ እንደ ሁለት ድንጋይ ተያዩ።

ዘንድሮም አረፋ መጣ፤ ወንዙ ዳር ሰፈሩ። በማግስቱ ማለዳ ሻይ ሲጠጡ አንድ የብረት ጩኸት ሰሙ። ለካ ፈንጠር ብሎ ከቆመው ዲማ ዛፍ እስከ ማዶ ድረስ ገመድ ተወጥሯል። በላዩም በቁመቱ የተሰነጠቀ የናፍጣ በርሚል በካሩኮላ፣ በምትሽከረከር ክብ ብረት፣ ተንጠልጥሎ፣ ወዲህም ወዲያም የሚሳብበት ቀጭን ገመድ ታስሮለት፣ ሲጥ ሲጥ እያለ ቁልቁል ይመጣል። ደርሶ ቆመ። ውስጡ አዲስ ነጠላ ጫማ አለ፤ ሁለቱም እግር።

«ወላሂ፣ ዘንድሮስ ጉድ ነው! ጫማ በበርሚል የሚልክ ወንድ!» ብላ ሳቀች የሙባረካ አክስት መስቱራ። መስቱራ የሐጂ ታላቅ እህት ናት፤ እሳቸውን የምትደፍር እሷ ብቻ።

ሐጂ ግን ገመዱን አወቁት። «ይህ ከሱቄ የወጣ ገመድ ነው!» ጀለቢያቸውን ሰበሰቡ፤ ከዘራቸውን ጨበጡ፤ በእግር መሻገሪያው ወደ ወንዙ ገቡ። «በግንቦት ጓንግን በከንቱ አትሻገሩ፤ እዚህ ጠርቶ ደጋው ይዘንባል» እያሉ ቤተሰቡን የሚገሥጹት እሳቸው ነበሩ። ንዴት አስረሳቸው።

ማዶ ደርሰው ዑበይዳ ላይ ከዘራቸውን ሲያወናጭፉ፣ ሙባረካ ውሃው ሲደፈርስ አየች። ገለባ መጣ። ቡላ አረፋ መጣ። ከዚያ ሥሩ የተነቀለ ግንድ።

«አባ! ደራሽ መጣ!»

ሐጂ ዘወር ቢሉ የመጡበት መንገድ የለም።

ይጎድላል ብለው ጠበቁ፤ ጭራሽ ጨመረ። ሐጂ ደግሞ የጠዋት መርፌያቸውን አልተወጉም፤ መድኃኒቱ በበረዶ ሳጥን ውስጥ ሙባረካ ዘንድ ነው። ፀሐይ ሲከር ማዶ ዛፍ ተደግፈው ሲቀመጡ፣ ቆይተውም ሲጋደሙ አየች። መጂዳ ውሃ ታጠጣቸዋለች።

«መድኃኒቱን በርሚሉ ላይ አድርጊው፤ እስበዋለሁ!» ሲል ዑበይዳ ጮኸ።

«ማን ይወጋቸዋል?»

ዑበይዳ ወደ እናቱ ዞረ። መርፌ ይዞ አያውቅም፤ እናቱም አታውቅም።

«እንግዲያው እኔን ሳበኝ!»

«አትገቢም! እስካሁን ያሻገርኩበት ማሽላ ነው፤ ሰው አይደለም!»

«ከአንድ ኩንታል ማሽላ እኔ እቀላለሁ!»

መስቱራ ክንዷን ጨመደደቻት። «ሩፊዳን የበላ ወንዝ ነው፤ አንቺን ደግሞ ልገብርለት?»

«ያኔ ገመድ አልነበረማ፣ አክስቴ።»

መስቱራ አየቻት፤ ብዙ አየቻት። ከዚያ የለበሰችውን የሱዳን ቶብ ከላይዋ ገፍፋ፣ ሕፃን እንደምታዝል ሁሉ የወንድሟን ልጅ ከበርሚሉ ጋር ጠፍራ አሰረቻት። «ቢስሚላህ በይ» አለቻት።

ዑበይዳ ይስብ ጀመር፤ መሃል ላይ ካሩኮላው ተያዘ። በርሚሉ ተወዛወዘ። ከሥሯ ቀይ ውሃ ግንድ እያላጋ ያልፋል።

«ዓይንሽን ከእኔ እንዳትነቅዪ!» አላት ዑበይዳ፤ የእጁ መዳፍ በገመዱ ተልጦ ደም ያንጠባጥባል።

«ዓመቱን ሙሉ መች ነቀልኩ!»

እንደታሰረች ቀና ብላ የብረቱን ገመድ በሁለት እጇ ያዘችና ናጠችው። ካሩኮላው ቀጭ አለና ተለቀቀ።

ማዶ ስትደርስ ዑበይዳ የቶቡን ቋጠሮ ፈታላት። ይህን ያህል ተጠጋግተው አያውቁም። በሹክሹክታ አንድ ነገር አላት።

«ምን አልክ?» ብላ ጮኸችበት። ከወዲያና ከወዲህ መጯጯህ ለምዶባት ነው። ሁለቱም ሳቁ።

«አልሐምዱሊላህ ነው ያልኩት።»

አባቷ ጋ ሮጠች። ስትወጋቸው ሐጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ከመርፌው አላዞሩም፤ እሷን እሷን ያያሉ።

«መጣሽ» አሉ።

«መጣሁ፣ አባ።»

«ለሩፊዳ ማንም አልመጣላትም ነበር» አሉና አለቀሱ። ሙባረካ እጃቸውን ያዘች።

ወደ አሥር ሰዓት ነፍስ ዘሩ፤ የመጂዳንም ገንፎ በሉ። ጓንግ ግን አልጎደለም። ሐጂ በርሚሉን መርፌ በሚያዩበት ዓይን አዩትና ገቡ። ከወዲያ ቤተሰቡ ይስባል፤ ከወዲህ ዑበይዳ ገመዱን ይለቃል፤ ሙባረካም ከጎኑ ያዘች። እጅ ለእጅ ሳይነካኩ አንድ ገመድ ያዙ።

«ዑበይዳ!» ስትል መስቱራ ከማዶ ጮኸች። «ቃሉን እስኪሰጥህ መሃል ላይ አቁመው!»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

«አይሆንም፣ እናቴ!» አላት ዑበይዳ ለመስቱራ። «ሐጂን በራቸው ላይ ቆሜ እለምናለሁ እንጂ ገመድ ላይ ሰቅዬ አልለምናቸውም!»

ሐጂ ሰሙ። መሃል ሲደርሱ «አቁሙ!» አሉ።

«ተያዘ እንዴ?» አለ ዑበይዳ።

«አልተያዘም! ያቆምኩት እኔ ነኝ!» ከዘራቸውን ከበርሚሉ አውጥተው ወደ መጂዳ ቀሰሩ። «አንቺ መጂዳ! ሽማግሌ ላኪ! ግን በመሻገሪያ እንዳይመጡ፤ በዚህች በርሚል ይምጡ! የፈራ ሽማግሌ ይቅርብኝ!»

ሙባረካ ገመዱን ልትለቅ ነበር፤ ዑበይዳ ያዘላት።

በዚያ አገር በክረምት ሠርግ የለም። ሐጂ ግን «ጓንግ ከአፍ እስከ ገደፉ በሞላበት ቀን ይሁን፤ ወንዙ ይየን!» አሉ። ነሐሴ ላይ፣ ኒካሁ ታስሮ፣ በርሚሏ አረንጓዴ ተቀብታ፣ ሙሽራዋ እጇን ሒና ሞቃ፣ እግሯ ላይ ያንኑ ጫማ አድርጋ ተሳፈረች። ማዶ ዑበይዳ ይስባል። ወዲህ ገመዱን በገዛ እጃቸው የሚለቁት ሐጂ አብዱረሕማን ናቸው።

ሴቶቹ እልል አሉ፤ የወንዙ ጩኸት ዋጠው።

«በርቱ እንጂ!» ብለው ሐጂ ተቆጡ። «ሩፊዳ ማዶ ናት፤ ይሰማት!»

መስቱራ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች፤ ከወዲህም ከወዲያም ተቀበሏት። ያን ቀን ጓንግ ሞልቶ ሳለ፣ ከእልልታው በላይ የወንዙን ድምፅ የሰማ የለም።