ያልተከፈቱት ቪዲዮዎች

ቁልፌ የተገኘው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ከእህቱ ቤት ጀርባ፣ በግድግዳውና በአጥሩ መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ፣ ከውሃ ታንከሩ መሰላል ሥር በአፍጢሙ ተደፍቶ። አጠገቡ በግማሽ የተጠጣ የመጠጥ ጠርሙስ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ «ሰክሮ ወድቆ ነው» ተባለና መዝገቡ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር።

ቁልፌ ያሉት ተከራዮቹ ናቸው፤ የቁልፍ ዘለላ ከወገቡ አይለይም ነበርና። የቤቱ ባለቤት ታላቅ እህቱ ደግሞ ሩቅ አገር የሰው አዛውንት እያጠበችና እያጎረሰች አሥራ አንድ ዓመት የኖረች ሴት ናት። ቤቱን የገዛችው በፎቶ አይታ ነው፤ የምታስተዳድረውም በስልክ። ደጃፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠችው ወንድሟን ልትቀብር ስትመጣ ሆነ። ቀብሩ አለፈ፤ እሷን ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳት። ወንድሜ እንደሚባለው ሰካራምና አታላይ ነበር?

መዝገቡን የያዘችው የፖሊስ መርማሪ በቀብሩ ማግስት መጣች። አጠር ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ግን እሳት የላሰች ሴት ናት። መተላለፊያውን ዞር ዞር ብላ አየች፤ መሰላሉን ነቅነቅ አደረገች፤ ከዚያ የእህትየዋን ክንድ ያዘች።

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደሙ ውስጥ ጠብታ መጠጥ አላገኘም። ጠርሙሱን ሌላ ሰው ነው ያስቀመጠው።»

እህትየዋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እፎይታ ይሁን ድንጋጤ ለራሷም አልገባትም፤ ዝም ብላ አለቀሰች።

የሞተበት ሰዓት የተወሰነው በስልኩ ነበር። ሐኪሙ ቅዳሜ ማታም እሑድ ጠዋትም ሊሆን ይችላል ብሏል። ግን እሑድ ጠዋት ለአንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከቁልፌ ስልክ ለእህቱ ቪዲዮ ተልኳል። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበር ተባለ።

መርማሪዋ ሰዎቹን አንድ በአንድ አነጋገረች። ምድር ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊ እሑድን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ብዙም አልራቀችም። አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ ናት። ቁልፌ ዘወትር ማታ የታንከሩን መዝጊያ ይዘጋል፤ ሲነጋ ይከፍታል። የዚያን ዕለት ግን ከንጋት ጀምሮ ቧንቧው ደርቆ ዋለ። እንቅልፍ ጥሎት ነው ብላ ስትጠብቅ ቆይታ፣ በመጨረሻ ራሷ ልትከፍት ወደ ጓሮ ዞረች።

ለቤቱ ተከራይ የሚያመጣው ደላላ እሑድ በአራት ሰዓት በሩን ሲያንኳኳ ሰው ሁሉ አይቶታል። በዚያው ሳምንት ከቁልፌ ጋር አንገት ለአንገት ተያይዘው ነበርና ጣት የተቀሰረው ወደሱ ነው። «ተጣልቼ ነበር፤ ልዋሽ እንዴ?» አለ ላቡን እየጠረገ። «ታዲያ ከደላላ ያልተጣላ ቤት አከራይ የት አለ?»

ፎቅ ላይ የሚኖሩትን የሒሳብ መምህር ግን የጠረጠረ የለም። እሑድ ልክ በአንድ ሰዓት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ከበር ወስዷቸው፣ ከመምህራን ጋር ሽርሽር ሄደው ሲመሽ ተመለሱ። ትሑት፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው።

መርማሪዋ በመጨረሻ ወደ እህትየዋ ዞረች። «እስቲ ያንን ቪዲዮ ያሳዩኝ።»

እህትየዋ ስልኳን አወጣች፤ ከዚያ ፊቷ ቀላ። ቪዲዮው አልተከፈተም። ከሱ በፊት ያለውም አልተከፈተም። ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ያልተከፈተ ነው። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ቤቱን እየዞረ እንዲቀርጽ ያዘዘችው እሷ ናት። «ከውሃ ቆጣሪው ጀምር፤ ቁጥሩ ይታየኝ፤ የድሮ ልከህ እንዳታሞኘኝ» ብላ ክፉ ቃል ተናግራዋለች። ከሃያ ሰባቱ ያየችው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብቻ ነው።

«ሥራ እየበዛ...» ብላ ጀመረችና ተወችው።

«እንደማይከፍቷቸው የሚያውቅ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

እህትየዋ ስልኳን ጭኗ ላይ ደፋችው። ከዚያ «አዎ፣ አንድ ሰው» አለች፤ ማን እንደሆነም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ነገረቻት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በልብስ ሰፊዋ ክፍል፣ ባልተሰፋ ጨርቅ ክምር መሃል ተቀመጡ። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። መርማሪዋ የእህትየዋን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እሑድ ጠዋት የተላከው ቪዲዮ ይኸው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲከፈት ውሃው ይንዶለዶላል። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ጠብታ ውሃ እንዳልነበረ ነግራናለች። መጀመሪያ ላይ የሚታየውን የቆጣሪ ቁጥር ከሌሎቹ ጋር አመሳከርኩት። ከአምስት ወር በፊት የተላከው ራሱ ነው፤ አንድ አሃዝ አይለይም። ስለዚህ ቁልፌ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መዝጊያውን ሊዘጋ ወጣ፤ ሲነጋ ሊከፍተው አልተነሳም። ቪዲዮውን የላከው ሌላ ሰው ነው። ስልኩ መቆለፊያ የለውም፤ ሁላችሁም ትደውሉበት ነበር።»

ደላላው አፉን ከፈተ። መርማሪዋ በእጇ ገታችው።

«ሟቹ እሑድ ጠዋት በሕይወት ነበር መባሉ ማንን ይጠቅማል? ልብስ ሰፊዋን አይጠቅምም፤ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነበረች። ደላላውንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም የጎዳው እሱን ነው። የሚጠቅመው አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተሳፍሮ ለሄደ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው አሮጌ ቪዲዮ ለመላክ እንዴት ደፈረ? እህትየዋ እንደማትከፍተው ስለሚያውቅ። ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

እህትየዋ ቀና አለች። «ለመምህር ነው የነገርኳቸው» አለች። «ወንድምሽ ይጠጣል፣ ባዶውን ክፍል ያለ አንቺ ፈቃድ ያከራያል ብለው ጻፉልኝ። አመንኳቸው። እኔ ቪዲዮውን አላየውም፣ እርስዎ ዓይኔ ይሁኑ አልኳቸው። የሱን ውክልና ሳልነግረው አንስቼ ለሳቸው ሰጠሁ።»

መምህሩ የሸሚዛቸውን እጅጌ አስተካከሉ። «ይህ ሁሉ ግምት ነው። ማስረጃ የለም።»

«ስልኩ ላይ የተሰረዘ ነገር ሁሉ ለአንድ ወር ተቀምጦ ይቆያል» አለች መርማሪዋ፤ የቁልፌን ስልክ አውጥታም ከፈተችው።

ቪዲዮው የቅዳሜ ነው። ከቆጣሪው ይጀምራል። ከዚያ የቁልፌ ድምፅ መጣ፣ ትንሽ እያለከለከ። «እታለም፣ ዛሬ አንድ ቀን አስቀድሜ ነው የምቀርጽልሽ። ዛሬ ሰዎች መጥተው ቤቱን በሜትር ሲለኩ ነበር። ገዢዎች ነን አሉኝ። ውክልናው በመምህር ስም ነው፤ ወረቀቱን አሳዩኝ። ለምን እንዳልነገርሽኝ አልጠይቅሽም። አሁን መዝጊያውን ዘግቼ ልወርድና እልክልሻለሁ። ይቺን ብቻ እባክሽ እስከ መጨረሻው እያት።» ምስሉ መሰላል ላይ ይወዛወዛል። ከሥር የመምህሩ ድምፅ ተሰማ፤ «ስልኩን ስጠኝ» ይላል። እዚያ ላይ ተቋረጠ።

መምህሩ ወደ በሩ አዩ፤ ፖሊሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። «ልገፋው አልነበረም» አሉ። «ስልኩን ልቀማው ብዬ ነው።»

«ጠርሙሱንስ?» አለች መርማሪዋ። ፖሊሱ ይዟቸው ወጣ።

ቤቱ ጭር ሲል ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ሸፈነች፤ ደላላውም ሹልክ ብሎ ሄደ። መርማሪዋ ብትሰናበታትም እህትየዋ አልሰማቻትም።

ወንድሟ ሌባም ሰካራምም አልነበረም። ይህን ያወቀችው ግን አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ የገዛችው ቤት መሃል ብቻዋን ተቀምጣ ነው። ስልኳን አነሳች። እሷ ካላየቻቸው የመጀመሪያውን፣ አራተኛውን ከፈተች።

ቁልፌ ሳቅ እያለ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አስጠግቶ ታየ።

«ከቆጣሪው እንጀምር፣ እታለም» አላት።