የወርቀጥላ መረቅ

ወለላ በዋሻው አፍ ተቀምጣ እንጉዳዮቹን አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ ትጠርጋለች።

«በውኃ ብትለቀልቂያቸው እስካሁን ጨርሰን ወርደን ነበር» አሉ አባ ነጎድ፣ ጦራቸውን ተደግፈው።

«ውኃ ካገኙ ይጠጡታል፤ ከጠጡ ደግሞ መዓዛቸው ይጠፋል።»

«እንደኔ ናቸዋ። እኔም ከጠጣሁ ወዲያ ለሰው አልመችም።»

ወለላ ፈገግ አለች። ከኡራና ተራራ በታች የሰርምላ መንግሥት በነጭ ጉም ተሸፍኖ ይታያል። ጉሙ ከሐይቁ የወጣው በቤተ መንግሥቱ ደጅ የቆመው ዋርካ ያለ ወቅቱ ቅጠሉን ባራገፈ ማግስት ነው። የነካውን ሰው ሁሉ የመብል ፍላጎት ነሣው፤ ማዕድ ፊት ተቀምጦ የሚከሳ ሕዝብ ሆነ። ከሁሉም የባሰባቸው ንግሥት ማዕዶት ናቸው። ደረታቸውን ያፍናቸዋል፣ እህል አይቀርባቸውም። የጥንቱ ትንቢት ግን «ንግሥት በገዛ እጇ የቀመሰች ቀን ጉሙ ይነሣል» ይላል። የተዘጋ ሆድ የሚከፍት፣ የታፈነ ደረት የሚያላላ፣ የከዳ ጉልበት የሚመልስ ደግሞ ወርቀጥላ ነው፤ በዚህ ዋሻ ውስጥ በወደቀ የዋንዛ ግንድ ላይ የሚበቅል፣ ቢጫ ጃንጥላ የመሰለ እንጉዳይ። የንግሥቲቱ ወጥ ቤት ወለላ አሮጌውን ዘማች አባ ነጎድን አስከትላ የመጣችው ለዚሁ ነው።

ድንገት ድንጋዩ ተንቀጠቀጠ። የዋሻው ጠባቂ፣ ዘንዶው ጎምራ፣ ከጨለማው ራሱን አወጣ። አባ ነጎድ ጦራቸውን ሰበቁ።

«ጦርህን አኑር፣ ሽማግሌ» አለ ዘንዶው። «እንጉዳዮቹን ሺህ ዘመን ጠበቅኋቸው፤ በላኋቸውም። አፌ ከእሳት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ሰዎች ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ዓይናቸው የሚበራው ለምንድን ነው?»

ወለላ እሳት አነደደች። አንዱን እንጉዳይ ጠብሳ፣ ቅቤና ጨው አስነክታ አቀረበችለት። ዘንዶው ዋጠ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ምንም። እንግዲያው የምላስሽን ጣዕም ስጪኝና ቅርጫትሽን ሞልተሽ ሂጂ።»

«የኔን ውሰድ» አሉ አባ ነጎድ ቶሎ ብለው። «ዕድሜዬን ሙሉ የዘማች ቆሎ ስቆረጥም የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ብዙም አልጎዳ።»

«የቆሎ ጣዕም ምን ያደርግልኛል?»

ወለላ ብዙ አላሰበችም፤ ብታስብ እንደምትቀር ታውቃለች። ከተጠበሰው የቀረውን ትንሽ ቁራጭ አፏ ውስጥ አደረገች። ለስላሳ ነው፤ ዝናብ የጠገበ አፈር፣ ለውዝና የዶሮ መረቅ በአንድነት። ዓይኗን ጨፍና እስኪያልቅ አኘከችው። ከዚያ ቆመች።

«በእናቴ ምድጃ እምላለሁ፤ ምላሴ የሚያውቀውን ሁሉ ሰጥቼሃለሁ።»

ዘንዶው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ከዚያም አመዱ ላይ የፈሰሰውን ቅቤ ላሰ፤ ቆየና እንደገና ላሰ። ቅርጫታቸውን ሞልተው ሲወርዱ ከኋላቸው የሰሙት የዘንዶው ድምፅ የቁጣ አልነበረም።

በቤተ መንግሥቱ ማጀት ወለላ እንጉዳዮቹን በእጇ ተረተረች፤ ቢላዋ አላስነካቻቸውም። በደረቅ ብረት ድስት የራሳቸውን ውኃ አውጥተው እስኪመጥጡ ጠበቀች፤ ቀጥሎ ንጥር ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ። ጠንካራ እግራቸውን ለብቻ ቀቅላ ውኃውን አከለችበት። አፍንጫዋ እንዳለ ነው፤ ጆሮዋም የድስቱን ድምፅ ያውቃል። ጨው ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ።

በሰርምላ ያበሰለች ሴት በንግሥቲቱ ፊት ቀምሳ «ጣፍጧል» ብላ ካልማለች ማዕድ አይቀርብም። ወለላ መረቁን ይዛ በንግሥቲቱ አልጋ ግርጌ ተንበረከከች።

«ግርማዊት ሆይ፣ መማል አልችልም። ጣዕሜን ለዘንዶው ሰጥቼዋለሁ። ጨው ይብዛበት ይነስ አላውቅም።»

«እኔ ልቅመስ» አሉ አባ ነጎድ።

«ሕጉ ያበሰለች ነው የሚለው» አለ አጋፋሪው። «ማዕዱ ይመለስ።»

ንግሥቲቱ ወደ ወለላ ዞሩ።

«ለእኔ ስትይ ነው?»

«አዎን፣ እመቤቴ።»

«ታዲያ አሁን ድስትሽን ማን ይቀምስልሻል?» ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ማንኪያውን ወዲህ በይ።»

ሊያጎርሷቸው የቀረቡትን ደንገጡሮች በዓይናቸው መለሱ። በገዛ እጃቸው ጨልፈው ቀመሱ፤ ደግመው ቀመሱ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

ወለላ ቆንጥራ ጨመረች።

«አሁን ደኅና ነው። ሳህኑን አምጪው።»

በመስኮቱ በኩል ጉሙ ከሐይቁ ላይ ሲነሣ ታየ፤ ከሰፈሩም የሙቀጫ ድምፅ ሲጀምር ተሰማ። ንግሥቲቱ ግን ቀና አላሉም፤ እየበሉ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማጀት የሚወጣውን ድስት ሁሉ አስቀድመው ለወለላ የሚቀምሱት እርሳቸው ሆኑ።

አባ ነጎድ ማጀት ገብተው የድስቱን ጥግ በጣታቸው ጠረጉ።

«እንዴት ነው?» አለች ወለላ።

«ዝናብ የጠገበ አፈር ይላል» አሉ አስበው። «ለውዝም አለበት።»

«ዶሮስ?»

እንደገና ላሱ። «ዶሮም አለበት።»

ወለላ ሣቀች። ድስቱን ተቀብላ በአመድ ፈተገችው፤ አለቀለቀችው፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ መደርደሪያው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው።