አርባ አንድ ቁጥር

ዝናቡ ሦስት ወር አላባራም። ልብስ አልደርቅ አለ። የልጅቷ አባት ካንሰር ከሳንባው ወደ ጀርባ አጥንቱ ዘለቀ፤ ምግብ አስጠላው። ኬሚስቷ አክስቷ የነደፈቻቸው አርባ ሞለኪውሎች አርባውም ከሸፉ። የላቦራቶሪዋ ውጤት ማንበቢያ ማሽንም ተበላሸ።

ሴል በተከፋፈለ ቁጥር የክሮሞዞሙ ጫፍ ያጥራል፤ ጫፉ ሲያልቅ መከፋፈል ያቆማል። ካንሰር ግን ያጠረውን የሚቀጥልለት ቴሎሜሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። አክስቷ ያን ኢንዛይም የምታስቆም ትንሽ ሞለኪውል ነው የምትፈልገው። «ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ማስቲካ እንደ መጠቅጠቅ ነው» ትላለች።

ማሽኑ ስለሌለ የፕሌቱን ፎቶ ለልጅቷ ትልክላታለች። ፕሌት ትንንሽ ጉድጓዶች የተደረደሩበት ፕላስቲክ ነው። ጉድጓዱ ደማቅ ቢጫ ከሆነ ኢንዛይሙ እየሠራ ነው፤ ከገረጣ ቆሟል። ልጅቷ እያየች ትመዘግባለች። አዲሱ ሞለኪውል፣ አርባ አንድ ቁጥር፣ ገርጥቶ ተገኘ። አክስቷ እየሮጠች መጥታ ለወንድሟ፣ ለልጅቷ አባት፣ ነገረችው። ያን ቀን ሾርባውን ጨረሰ።

ሰኞ ከሰዓት ልጅቷ አክስቷን ወጥ ቤት ውስጥ ያዘቻት።

«እቴቴ፣ አርባ አንድ አይሠራም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ፎቶውን ገልብጬ ነው ያነበብኩት። የፕሌቱ የተቆረጠ ጥግ ከላይ በግራ መሆን ነበረበት። ያየሁት ለማነጻጸር ብለሽ ኢንዛይም ያልጨመርሽበትን ረድፍ ነው።»

አክስቷ ስልኩን ተቀብላ አዞረችው። ደጋግማ አየችው።

«መቼ አወቅሽ?»

«ሐሙስ።»

«አራት ቀን ሙሉ! ነገ እኮ ሌሎቹን ጥዬ ያለኝን ኬሚካል ሁሉ እሱ ላይ ላፈስ ነበር!»

«አባዬ እየበላ ነበራ!»

አክስቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልደግመው ምን አስለፈለፈኝ?» ስልኩን መለሰችላት። «ለነገሩ ቢሠራም ለእሱ አይደርስለትም ነበር። መድኃኒት እስኪሆን ስንት ዓመት አለው።»

«እሱ ይህን ያውቃል?»

«አልነገርኩትም። አንቺም እንዳትነግሪው። ይብላበት።»

«እስከ መቼ?»

ልጅቷ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደች።

አባቷ ትራስ ተደግፎ ሾርባ ይዟል። «የአርባ አንድ እናት መጣች!» አለ።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች። አምና ሐኪሙ በሽታውን ሲናገር ዘመድ ሁሉ እሷን ባየ ቁጥር ወሬ ይቀይር ነበር። «ምን ሆነሃል?» ብላ ስትጠይቀው አስቀምጦ ሁሉንም የነገራት አባቷ ብቻ ነው። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ያ ብድር ዓመት ቆይቶባታል።

«አባዬ፣ ማንኪያውን አስቀምጠው።»

አስቀመጠው። የተገለበጠውን ፎቶ ነገረችው። ዓመታቱንም ነገረችው። ምንም አላስቀረችም።

 አባቷ ሾርባውን ወለሉ ላይ አኖረና ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀላት።