የእንግዶች ጃኬት

የፅዮንን ሬሳ ከውሃው ያወጡት ሰዎች ዳር ላይ አስተኝተው ነጠላ ጣል አደረጉባትና፣ ፖሊስ እስኪመጣ ማንም አይንካት ተባብለው ቆሙ። ተባባሉ እንጂ ከመካከላቸው ያልነካት አልነበረም። ኢንስፔክተር መስከረም ወልዴ ከወልድያ ስትደርስ በሬሳው ዙሪያ ያለው ጭቃ የገበያ ማግስት መስሎ ጠበቃት። ተናደደች፤ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ነጠላውን ገለጠች።

ከግራና ከተማ ወዲያ ያለው ግድብ ውሃ ሲሞላ አንዲት ኮረብታ መሃል ላይ ቀርታ ደሴት ሆናለች። ሰው ለቆላት ሲሄድ ይብራና ሌሎች የውሃ ወፎች ወረሷት፤ እንቁላል ይጥሉባታል፣ ይፈለፍሉባታል። ወፎቹን የሚጠብቅ ፕሮጀክት ከተቋቋመ ወዲህ ሁለት ሴቶች በጥበቃ ተቀጥረው ነበር፤ አለቃዋ ፅዮንና ባልደረባዋ ቤዛዊት። አሁን ፅዮን ሞታለች፤ አገሩም ፍርዱን ጨርሷል።

«ድሮስ ሴት ልጅን ውሃ ላይ ምን አወጣት?» ይላል አንዱ።

«ጃኬቱ ሰፍቷት ነው። በራሷ በኩል ሹልክ ብሎ ወጣ» ይላል ሌላው።

ብርቱካናማው የመንሳፈፊያ ጃኬት እውነትም ከሬሳው ራቅ ብሎ፣ ሦስቱም ዘለበቶቹ እንደተቆለፉ፣ ባዶውን ሲንሳፈፍ ነበር የተገኘው። መስከረም የሟቿን ማጅራት ዳሰሰች። ከፀጉሯ ሥር ያበጠ ቁስል አለ።

«ማነው ያገኛት?»

«እኔ ነኝ» አሉ ባለጀልባው ጋሼ አማን። ስልሳን የተሻገሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። «ሱብሂ ሰግጄ ብወርድ፣ ከደሴቷ ሥር ደንገሉ ይዟት አየሁ። ጀልባዬን ፈትቼ ሄድኩላት።»

«ጀልባዋ ታስራ ነበር?»

«ማታ ለመግሪብ ሶላት ስሄድ በሰንሰለት ቆልፌያት ነው የሄድኩት። ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም።»

በግድቡ ላይ ሌላ ጀልባ የለም። ይህን የሰማው ሁሉ ሽማግሌውን በጎሪጥ ያይ ጀመር። መስከረምን ግን የከነከናት ሌላ ነገር ነው። ጀልባ የሌለው ሰው፣ ምሽት ላይ፣ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለምን ይለብሳል?

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አቶ ኪሩቤል ዓይኑ ቀልቶ ቀረበ። ንግግሩ ስብሰባ ስብሰባ ይላል።

«ሴቶች ይቀጠሩ ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ፣ ኢንስፔክተር። በጥበቃ ሥራ የፆታ እኩልነት በተግባር ይታይ ብዬ። በሚቀጥለው ሳምንት የውጭ እንግዶች ይህንኑ ሊያዩ ይመጣሉ። አሁን ግን ሌላ ሴት እንድትሞትብኝ አልፈልግም። ከነገ ጀምሮ ጥበቃውን ለወንዶች እሰጣለሁ። ቤዛዊትን ወደ ቢሮ፣ ወደ ፅዳት አዛውራታለሁ።»

«ትናንት የት ዋሉ?»

«ወልድያ፣ ቢሮ ነው የዋልኩት።»

«ይህ ጃኬት አዲስ ይመስላል።»

«የእንግዶች ነው። ባለፈው ሳምንት ከሳጥን አውጥቼ የሰጠኋት እኔው ነኝ። አሮጌው አይመቸኝም ብላ።»

መስከረም ከመርሳ መንገድ ዳር የገዛችውን ብርቱካን እየላጠች አመሰገነችው። ሳይጠየቅ ብዙ የሚያብራራ ሰው አይጥማትም፤ አለመጣሙ ግን ማስረጃ አይደለም።

ቤዛዊትን ያገኘቻት ውሃው ዳር ባለችው የጥበቃ ቤት ውስጥ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላት ነው። ለቅሶዋን ጨርሳ አሁን ፍርሃት ላይ ነበረች።

«በእሷ ቦታ መተካት ፈልገሽ ነው የሚሉ አሉ» አለቻት መስከረም በቀጥታ።

«ይበሉ። የምተካው መጥረጊያ ይዤ ነው፤ ሰምተዋል አይደል? ይህን ሥራ ያገኘሁት በስንት ልመና ነው። አሁን ‘ይኸው፣ አላልናችሁም?’ ሊሉን ነው።»

«ጠላት ነበራት?»

«ባለፈው እሁድ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ይብራ ሊያድኑ መጥተው መለሰቻቸው። ወፎቹ እንቁላል ላይ ናቸው ብላ ከጀልባው ሳይወርዱ ነው የመለሰቻቸው። የማን ሰዎች እንደሆኑ ጠየቅኳት፤ ‘እንግዶቹ ሲመጡ ፊት ለፊት እናገረዋለሁ’ ብላ ዝም አለች።»

ግድግዳው ላይ የቤዛዊት ጃኬት ተሰቅሏል። መስከረም አገላብጣ አየችው። ከኋላ፣ ከታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ሁለት የጨርቅ ማሾለኪያዎች ተሰፍተው መቀነት አልፎባቸዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ልጅቷ አፈር አለች። «ጃኬቶቹ የተገዙት በወንድ ልክ ነው። ውሃ ውስጥ ስንገባ በራሳችን በኩል ይሾልካል። ፅዮን ናት መላ ያመጣችው። መቀነቱን በእግራችን መሃል አሳልፈን ከፊት ጥብቅ አድርገን እናስራለን። ባሏ፣ በላይ፣ ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱ ሰፋልን።»

«ለአስተባባሪው አልነገራችሁትም?»

«ብንነግር ‘ጃኬቱ እንኳን ያልተሠራላችሁ ሰዎች’ ይሉናል። ዝም ብለን እናስራለን።»

«የእሷስ የት አለ?»

«ከጀልባው ወንበር ሥር። ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትተወው።»

እዚያው ነበር፤ መቀነቱ እንደተጠቀለለ፣ ደረቅ። ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ የተገኘው ጃኬት ግን ምንም ማሾለኪያ የለውም። መስከረም ከዚያ ከጥበቃ ቤቱ ጎን ወዳለው ዕቃ ቤት ሄደች። የእንግዶቹ ጃኬቶች የተቀመጡበት የብረት ሳጥን ቁልፉ አልተሰበረም። የክፍሉ ወለል አቧራ ጠጥቷል፤ በሳጥኑ አንድ ማዕዘን በኩል ያለው ብቻ በጨርቅ ተወልውሏል።

የፅዮን ባል በላይ፣ መርሳ ካለው ሱቁ ተጠርቶ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጧል። ጎረቤቶቹ ከሚስቱ ጋር ይጣላ እንደነበር ለመናገር ተሽቀዳድመዋል።

«እውነት ነው?»

«የማታ ተራ ተዪ ብዬ እጣላት ነበር» አለ። «አልሰማ ስትለኝ ጃኬቱን ሰፋሁላት። ካልቀረሽ እንኳን እንዳትሰምጪብኝ ብዬ።» ነጠላውን ሬሳው ላይ አስተካከለ። መስከረም ፊቷን አዞረች።

ከሰዓት በኋላ፣ ሬሳው ለምርመራ ወልድያ ከተወሰደና ከሐኪምና ከባልደረቦቿ የጠበቀቻቸው ስልኮች ከዚያ ከተደወሉ በኋላ፣ አራቱንም ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አብሯት የመጣው ዋና ሳጅን ብርሃኑ በሩ ላይ ቆመ። በእጇ የፅዮንን ጃኬት ይዛለች።

«አቶ ኪሩቤል፣ ሥልጠናውን የሰጡት እርስዎ ነዎት አይደል? ፅዮን ውሃ ላይ ስትወጣ ጃኬቱን እንዴት እንደምትለብስ እስቲ በቤዛዊት ላይ ያሳዩን።»

ኪሩቤል ለቤዛዊት አለበሳት፤ ሦስቱን ዘለበቶች ቆለፈ፣ ማጥበቂያዎቹን ሳበ። «በቃ። ይኸው ነው።» ከኋላ የተንጠለጠለውን መቀነት በጣቱ ነካ አደረገ። «ይቺ ጨርቅ ምንድን ናት?»

«ጋሼ አማን፣ እስቲ አንቱ ያሳዩን።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እኔ አላሳይም። ሲያስሩት ሁልጊዜ እንዲህ እዞራለሁ። ነውር ነው፤ የሰው ልጆች ናቸው። ጨርሰናል ሲሉኝ ነው የምቀዝፈው።»

በላይ ሳይጠየቅ ተነሥቶ መቀነቱን ፈታና ጫፉን ለቤዛዊት አቀበላት። እሷም ጀርባዋን ሰጥታ በእግሮቿ መሃል አሳልፋ ከፊት አሰረችው።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች መስከረም። «ጀልባዋ ተቆልፋ አድራለች። ስለዚህ ፅዮን ከጀልባ አልወደቀችም። የገዛ ጃኬቷ ጀልባው ውስጥ ደርቆ ተገኝቷል። ስለዚህ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ የተገኘውን ጃኬት ሌላ ሰው ነው ያለበሳት፤ በሥራ ላይ ሳለች የሰመጠች እንዲመስል። ያ ሰው መቀነቱን አያውቅም ነበር። በላይ ሰፍቶታል፣ ቤዛዊት ታስረዋለች፣ ጋሼ አማን ፊታቸውን ያዞሩለታል። የማያውቀው አንድ ሰው ነው።»

«እኔ ቢሮ ነኝ፤ ሁሉን ነገር…» አለ ኪሩቤል።

«አዎ፣ አያውቁም። እንግዳ ሲመጣ ሴቶቹን ዳር ላይ አቁመው ፎቶ ያስነሳሉ፤ ጀልባው ላይ ግን ቦታ የለም ብለው ያስቀሯቸዋል። ውሃ ላይ አብረዋቸው ወጥተው አያውቁም። ጃኬቱን የሰጠኋት ባለፈው ሳምንት ነው ብለዋል። ያለ መቀነት ውሃ የማትነካ ሴት፣ ባሏ ልብስ ሰፊ ሆኖ፣ ሳምንት ሙሉ ሳታሰፋው ትቀመጣለች? የዚህ ሳጥን ቁልፍ ደግሞ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ጋሼ አማን፣ እሁድ የመጡት ባለጠመንጃዎች የማን ሰዎች ነበሩ?»

«የእሱ፣ የአቶ ኪሩቤል ወዳጆች ናቸው። ደሴቷ ላይ አድርስልኝ ብሎኝ ወሰድኳቸው። ፅዮን መለሰችን። ወላሂ፣ ደስ ነው ያለኝ።»

«ሴቶቹን የቀጠሯቸው ለፎቶ ነበር፤ እነሱ ጥበቃውን የምር ያዙት። ፅዮን ይህን ለእንግዶቹ ልትናገር ነበር። ትናንት ከምሳ በኋላ ወልድያ ቢሮ ውስጥ ያየዎት ሰው የለም። እዚህ መጡ፣ ተጨቃጨቁ፣ ማጅራቷ ይህን የብረት ማዕዘን መታ፤ ከዚያ ወለሉን ወለወሉ።»

«ማስረጃ የለሽም» አለ ኪሩቤል፤ አንቱታው ቀርቷል።

«አንድ ነገር ልንገርዎት። ሐኪሙ ሳንባዋ ውስጥ ውሃ አግኝቷል። ቁስሉ አልገደላትም። ውሃ ውስጥ ሲከቷት በሕይወት ነበረች።»

«አትተነፍስም ነበር» አለ ኪሩቤል።

የተናገረውን ራሱ የሰማው ከሌሎቹ በኋላ ነው።

«አፏ ላይ እጄን አድርጌ አይቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አትተነፍስም ነበር። ገፋኋት እንጂ ልገድላት አላሰብኩም።»

ሳጅን ብርሃኑ እጁን በካቴና አስሮ አወጣው። ቤዛዊት ጃኬቱን እንደለበሰች ቆማ ቀረች።

«እኔስ ከነገ ጀምሮ…?»

«ዝውውርሽን የሚፈርመው ሰውዬ ከእኔ ጋር ወልድያ እየሄደ ነው» አለች መስከረም። «አንቺ እዚሁ ሥራሽ ላይ ነሽ።»

በላይ ጥግ ላይ ሆኖ ቤዛዊት ያሰረችውን መቀነት ያይ ነበር። ማንንም ሳያይ ጠየቀ።

«እንደዚህ አስሮላት ቢሆን ኖሮስ?»

መስከረም መልሱን ታውቀዋለች። ልትዋሽለት ፈለገች፤ መቀነቱ ላይ የተተከለው ዓይኑ ግን አላስዋሻትም።

«ጃኬቱ ፊቷን ወደ ላይ ይዞ ያሳድራት ነበር። ጋሼ አማን ሲደርሱ ትተርፍ ነበር።»

በላይ እሺ እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የተወለወለው ወለል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አለቀሰ።