ምስክር ያልፈረመበት ፖስታ

አቶ ቃልቤሳ በብሩክሊን ሴንተር ከተማ አፓርታማቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጭንቅላታቸው የማሞቂያው ብረት ጠርዝ ሥር ነው። ከላይ የክት ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ከታች ግን የመኝታ ሱሪ። መርማሪ አፊፋ በሩ ላይ ቆማ ይህን አለባበስ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። የወሎ ልጅ ናት፤ ብዙ ሬሳ አይታለች፣ ግን ገና አልለመደችውም።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ በእንግሊዝኛ። «ሰውየው ደረታቸውን ተገፍተው ነው የወደቁት። ጎረቤትየዋ ቁልፍ አላት፤ ልብሷም ደም በደም ነው። ልጃቸውም ገዳይዋ እሷ ናት ትላለች።»

ጎረቤትየዋ ዙለይሃ ኮሪደሩ ላይ እጇ በካቴና ታስሮ ተቀምጣለች። ግሪን ካርዷን ያገኘችው በቅርቡ ነው። በነፍስ ከተከሰሰች የሚጠብቃት እስር ብቻ እንዳልሆነ፣ ካገር መባረርም እንዳለባት ታውቃለች።

አፊፋ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «እትዬ ዙለይሃ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ምን ልንገርሽ ልጄ! ከሥራ ስመለስ ወድቀው አገኘኋቸው። ቀና ላደርጋቸው ታቀፍኳቸው። ደሙ የዚያ ነው።»

«ቀን ላይስ አይተዋቸው ነበር?»

«ቀትር ላይ የምርጫ ወረቀታቸው በሜይል መጥቶ ይዤላቸው ገባሁ። ተቀብለው ሳሙት ብልሽ ታምኚኛለሽ? በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ነው። አገር ቤት ምርጫ ሲባል በራቸውን ዘግተው ነበር የሚውሉት። ሲቲዝን፣ የዚህ አገር ዜጋ፣ የሆኑት ደግሞ በዚህ በጋ ነው። ጉልበታቸው ሰልፍ አይችልም፤ ወረቀቱ በፖስታ ቤታቸው ድረስ እንዲመጣ እኔው በስልኬ አፕላይ አደረግኩላቸው። ‹ለምን ቤትዎ ሆነው ይመርጣሉ› ብሎ የሚጠይቅ እንኳ የለም።»

«ታዲያ አብራችሁ ሞላችሁት?»

«ኧረ እኔ አልችልም! ምስክር የሚሆነው ሲቲዝን ነው፤ እኔም ልጃቸው ሲምቦም ገና ነን። ምስክሩ መጀመሪያ ባዶውን ወረቀት ያያል፤ ሲመርጡ ምርጫቸውን ሳያይ እዚያው ይቆያል፤ መጨረሻ ላይ ፖስታው ላይ ይፈርማል። ያለ ምስክር እንዳይነኩት ደጋግሜ ነገርኳቸው። ‹ሰው እጠራለሁ፣ አንቺ ሥራሽ ሂጂ› አሉኝ። እሳቸው ሕግ ከተባለ እንደ ጸሎት ነው የሚይዙት።»

አፊፋ ወደ ቤቱ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ የድምፅ መስጫው ቡናማ ፖስታ ታሽጎ ነጩ ፖስታ ውስጥ ገብቷል። ነጩ ላይ የአቶ ቃልቤሳ ፊርማ አለ፤ የምስክሩ ቦታ ግን ባዶ ነው።

«ይከፈት?» አላት ፖሊሱ።

«እንዳትነካው! የሰው ድምፅ ነው። እኛ የምንፈልገው ውጪው ላይ ነው።»

ሲምቦ ኩሽና ውስጥ ታለቅሳለች። አፊፋን ስታይ ቱግ አለች። «ምን ታባብያታለሽ? የአባቴን ቁልፍ የያዘች እሷ ብቻ ናት!»

«አባትሽ እንግዳ ሲመጣ ኮት ይለብሳሉ?»

«አባዬ? ያለ ኮት እንግዳ ፊት ሞተው አይገኙም።» ያፏ ነገር አስደንግጧት እጇን በከንፈሯ ላይ ጫነች።

«ለዙለይሃስ ይለብሱላታል?»

«ለእሷማ ምን ብለው… የቤት ሰው ናት።» የገዛ ቃሏ ለጆሮዋ እንግዳ ሆነባት።

እጮኛዋ ገመቺስ ደረጃው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ዕቃ አመላላሽ ሾፌር ነው። አፊፋን በሁለት እጁ ጨበጣት።

«መቼ አየሃቸው ወንድሜ?»

«እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከዚህ ራቅ ብሎ አፕል ቫሊ ድራይቭ ሳደርግ ነው የዋልኩት።»

«ትስማሙ ነበር?»

«አባቴ ማለት ናቸው! ትንሽ ግትር ናቸው እንጂ። ምስጢር አጥባቂ። ሲመርጡ እንኳ ‹ፊትህን ወደ መስኮት አዙር› የሚሉ ሰው።» ፈገግ አለ።

አፊፋ አልሳቀችም። «ይበቃኛል» አለችው።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ዙለይሃ እንደታሰረች ነው። ፖሊሱ በሩን ዘጋ።

«አቶ ቃልቤሳ ኮት የለበሱት እንግዳ ስለጠሩ ነው» ብላ ጀመረች። «ለቤት ሰው፣ ለዙለይሃ፣ አይለብሱም። ሱሪ ለመቀየር እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም፤ እንግዳው ፈጥኖ ደረሰ። ማንን ጠሩ? ምስክር ነው የሚያስፈልጋቸው። እዚህ ካላችሁት ሲቲዝን ማን ነው?»

ከሦስቱ ሲቲዝን እሱ ብቻ ነውና ሲምቦ ቀስ ብላ ወደ ገመቺስ ዞረች።

«እና?» አለ ገመቺስ። «ብቻቸውን ሞልተውት ይሆናላ! ይኸው ምስክር አልፈረመም፤ ሰው አልነበረም ማለት ነው።»

«አንተም እንደዚያ እንድናስብ ነው ፖስታውን ትተኸው የሄድከው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ባዶውን ወረቀት ምስክር ሳያይላቸው እርሳስ አያነሱም ነበር። መርጠው አሽገዋል፤ ፈርመዋል። ስለዚህ ምስክሩ እዚህ ክፍል ውስጥ ነበር። የቀረው የእሱ ፊርማ ብቻ ነው። ሰው ምስክር ሊሆን መጥቶ ሳይፈርም የሚሄደው ምን አግኝቶት ነው?»

«ይሄ ግምት ነው እህቴ!»

«እሺ፣ ግምቱን ተወው። ‹ፊትህን ወደ መስኮት አዙር› ያሉህ መቼ ነው?»

ገመቺስ በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ ገልመጥ አደረገ።

«ወረቀቱ የመጣው ዛሬ ቀትር ላይ ነው። ከዚያ በፊት በሕይወታቸው መርጠው አያውቁም። አንተ ደግሞ ከእሑድ ወዲህ አላየኋቸውም ብለሃል። ታዲያ ሲመርጡ የት ቆመህ አየሃቸው?»

«ገመቺስ?» አለች ሲምቦ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ። «አልነበርኩም በል።»

ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። «ልፈርም ስል ፖስታውን ወደ ራሳቸው ሳቡብኝ። ‹ነቀምት ሚስት እንዳለችህ ሰምቻለሁ፤ ራስህ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ። ውሸታም እንዴት ለኔ ይመሰክራል? አሁኑኑ ለልጄ ንገራት፤ ካልሆነ እኔ እነግራታለሁ› አሉኝ። ስልካቸውን አነሱ… ልነጥቃቸው ብዬ ገፋኋቸው። ግድያ አላሰብኩም።»

«መውደቃቸውን አይተህ ግን አምቡላንስ አልጠራህም» አለች አፊፋ። «ሌላ ሰው ሲታሰርም ዝም ብለህ አየህ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከዙለይሃ እጅ ፈቶ በገመቺስ እጅ አስገባ። ሲወስዱት ሲምቦ ቀና ብላ አላየችውም። በጉልበቷ ወደ ዙለይሃ ሄዳ እግሯ ላይ ተደፋች።

«እማማ፣ ይቅር በዪኝ። ስምሽን ነፍሰ ገዳይ ብዬ…»

ዙለይሃ የተላጠ የእጅ አንጓዋን አሻሸች። ከዚያ የልጅቷን ትከሻ ይዛ አነሳቻት።

«ይቅርታው ዛሬ አይመጣልኝም ልጄ፤ አልዋሽሽም» አለቻት። «ተነሺ። መጀመሪያ አባትሽን እንቅበር።»