ለእትዬ ድምፅ ሰፊ ቦታ

ይህ የሆነው እኔው ቤት ነው። በዚህ ሳምንት... በጠራራ ፀሐይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። ፈጥሮ ነው የሚል ካለ አልቀየመውም። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም አላምንም ነበር።

ሥራዬ ያረጁ የሙዚቃ መሣሪያዎችን መጠገን ነው። የቤቴ የፊት ክፍል ወርክሾፔ ነው። ከኋላ መኝታ ቤቶቹ፣ ወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ አሉ። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ እላታለሁ።

እትዬ ዘፋኝ ነበረች። ዛሬ ድምፅ የላትም። ከሁለት ዓመት በፊት ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ስትሆን ሐኪሞቹ ሕይወቷን አተረፉላት፤ ድምፅዋን ግን ማትረፍ አልቻሉም። የምትፈልገውን በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ ትጽፍልኛለች። ስትቆጣኝ በትልልቁ ትጽፋለች።

ድምፅዋ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

ድሮ ከባንድ ጋር ስትሠራ ፒያኒስቱ በሳምፕለር ቀርጿት ነበር። ሳምፕለር ኪቦርድ የሚመስል፣ የቀረጸውን ድምፅ በቁልፎቹ የሚያጫውት መሣሪያ ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ድምፁ ይወጣል፣ ሲለቁት ይቆማል። ፒያኒስቱ ሥራ ሲያቆም መሣሪያውን ድምፁ ከተቀመጠባቸው ፍሎፒ ዲስኮች ጋር ለእሷ ሰጣት።

ሁለት ሰከንድ "ኣ..." ነው። ሁለት ሰከንድ "ኦ..."። በቃ። የዚያ ዘመን መሣሪያ ቦታ ስለሌለው ከዚያ በላይ አይይዝም። ቁልፉን ይዘው ቢቆዩም ሁለት ሰከንዱ ሲያልቅ ዝም ይላል። እትዬ ግን በየጠዋቱ መጥታ ትጫነዋለች። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ያኔ ፊቷን ማየት አልችልም፤ አንጀቴን ትበላዋለች።

ባለፈው ወር "ኦ" ጠፋ። ፍሎፒው ሻግቷል። የማንበቢያው ላስቲክም እንደ ማስቲካ ቀልጧል። እትዬ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም።

"አታስቢ" አልኳት። "ፍሎፒውን አውጥቼ በሜሞሪ ካርድ እቀይርልሻለሁ። የቀረውን ሁሉ እገለብጥበታለሁ። ከዚህ በኋላ አይጠፋም።"

ሰሌዳዋን አነሣች። በትልልቁ ጻፈች።

"ካበላሸኸው ቀጥሎ የሚፈታው ያንተ አጥንት ነው!"

ማክሰኞ ጠዋት ብሎኖቹን ፈታሁ። የፍሎፒ ማንበቢያውን ነቅዬ፣ ጠፍጣፋውን ገመድ አጽድቼ፣ የካርድ ማንበቢያውን አሰርኩበት። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ... መሳቢያዬ ውስጥ ትንሽ ካርድ ነበረኝ። ይበቃት ነበር። ለእህቴ ነው ብዬ ትልቁን ከተትኩለት። ሺህ ፍሎፒ የሚውጥ ካርድ።

"ኣ"ን ገልብጬበት አራት ሰዓት ላይ አበራሁት። "ኣ"ን ተጫንኩ።

አንድ ሰከንድ... ሁለት... ሦስት...

አልቆመም።

አምስተኛው ሰከንድ ላይ፣ ከስፒከሩ ውስጥ፣ ትንፋሽ ሳበች።

እጄን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰብኩ። ከዚያ ለፒያኒስቱ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ እትዬን ሲቀርጿት ረዘም ያለ ቅጂ ነበር እንዴ?"

"ከየት መጥቶ! ሁለት ሰከንድ ነው። እሱንም የከበሮውን ቅጂ አጥፍቼ ነው ቦታ ያገኘሁት።"

"አሁን አምስት ሰከንድ ሆኗል።"

 ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ትንፋሿ አለበት?"

"አዎ።"

"ትንፋሿን ቆርጬ ጥዬዋለሁ፣ ልጄ። እዚያ ውስጥ ሊኖር አይችልም።"

እትዬ ግን ደስታዋን አልቻለችውም። ረቡዕ ጠዋት "ኣ" አሥራ ሁለት ሰከንድ ደርሶ ነበር። እንደ ልጅ እየዘለለች አቀፈችኝ። እኔም ሳቅኩ። የሆነ ስህተት ቢሆንስ፣ ምን አገባኝ? እህቴ ስትስቅ ካየሁ ሁለት ዓመቴ ነው።

ያኔ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ...

ስትዘል ወለሉ ድምፅ አልሰጠም።

ወለሉ ጣውላ ነው። ድመት ስትሄድበት እንኳ ይንቋቋል። ጫማዋን አየሁ፤ ያው የምታውቁት ነጠላ ጫማ ነው። ጆሮዬ ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግሥቱ ሻይ ስታማስል አየኋት። ማንኪያው ብርጭቆውን ይመታል። ደጋግሞ ይመታል።

ምንም አይሰማም።

"እትዬ..." አልኩ። "እስቲ አጨብጭቢ።"

ግራ ተጋብታ አየችኝ። ከዚያ አጨበጨበች። መዳፎቿ ሲጋጩ አያለሁ። ቤቱ ግን ጭጭ ብሏል።

ወደ ወርክሾፑ ሮጥኩ። የሳምፕለሩ ስክሪን ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር መኖር ያለበት። ሠላሳ አራት ሆኗል። አንዱን ተጫንኩ... ነጠላ ጫማ፣ ኮሪደር ላይ ሲሄድ። ሌላውን ተጫንኩ... ማንኪያና ብርጭቆ። የመጨረሻውን ተጫንኩ።

ጭብጨባ።

ዞር ስል እትዬ ከኋላዬ ቆማለች። ስትመጣ አልሰማኋትም። እንዴትስ እሰማታለሁ?

"ካርዱን ላውጣው" አልኳት በሹክሹክታ። "አንቺን እየወሰደ ነው።"

እጄን ያዘች። በእምቢታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሰሌዳዋ ላይ ጻፈች።

"ድምፄን ሁለቴ ልትነጥቁኝ ነው?"

  "እሺ፣ እስከ ቅዳሜ" አልኳት። ለዚች ቃል ራሴን ይቅር አልልም።

ዛሬ ዓርብ ነው።

ጠዋት አራት ሰዓት ሊሆን ሲል የአንድ አምፕሊፋየር ሽቦ እየበየድኩ ነበር።

ቋ... ቋ...

የውጭ በሩን ከፈትኩ። ማንም የለም።

ቋ... ቋ... ቋ...

ከኋላዬ ነው። ከሳምፕለሩ ስፒከር።

የሰው እጅ በር ሲመታ። ከዚያ ጥፍር፣ እንጨት ሲቧጥጥ። ከዚያ እንደገና መምታት። በየመሐሉ እየዘገየ... እየደከመ...

 እትዬ ፊቷን ልትታጠብ ከገባች ግማሽ ሰዓት አልፏታል።

መታጠቢያ ቤቱ ከውስጥ ተቆልፏል። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ጭጭ። "እትዬ! እትዬ!" ምንም። በወዲያ በኩል ግን፣ ከወርክሾፑ፣ መምታቱ እየቀነሰ ነው። ቋ... ... ቋ...

በሩን በትከሻዬ ሰበርኩት።

ወለሉ ላይ ወድቃለች። እግሯ ተጣሟል፣ ግንባሯ ደምቷል። እጇ አሁንም አየሩን ይመታል፣ እዚያ የነበረውን በር። አፏ ተከፍቶ ይጮኻል፣ ያለ ድምፅ። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትጠራኝ ነበር። አሥር እርምጃ ላይ ሆኜ አልሰማኋትም።

ተሸክሜ አልጋዋ ላይ አስተኛኋት። ቁስሏን አሰርኩላት። ከዚያ አላስፈቀድኳትም፤ ሄጄ ካርዱን ነቀልኩ። በፒንሳ ሰባበርኩት። የኤሌክትሪክ ገመዱንም ከሶኬቱ ነቀልኩ።

"አጨብጭቢ" አልኳት ተመልሼ።

አጨበጨበች።

ጧ!

ሁለታችንም አለቀስን። የለቅሶዋን ሲቃ ሰማሁ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ይህን መሣሪያ ከቤቴ ሳላወጣ አልውልም አልኩ። ገመዱን ክንዴ ላይ ጠምጥሜ፣ ሳምፕለሩን ታቅፌ፣ በጓሮ በር ላወጣው ኮሪደሩን ያዝኩ። በመኝታ ቤቷ ደጃፍ ሳልፍ ከበደኝና ልይዘው ስል የቀኝ አውራ ጣቴ አንዱን ቁልፍ ተጫነ።

"ኣ........"

ከታቀፍኩት መሣሪያ አይደለም።

ከመኝታ ቤቱ ነው።

እትዬ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች። አፏ ተከፍቷል። ያ የድሮ ድምፅዋ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ሁለት ሰከንድ አለፈ። አምስት አለፈ። አልቆመም። ዓይኗ ፈጧል። አፏን በሁለት እጇ ልትዘጋው ትታገላለች።

ደንግጬ ጣቴን አነሣሁ።

ድምፁ ተቆረጠ።

የደረቷ መነሣትና መውረድም ቆመ።

ዓይኗ ወደ ላይ ዞረ። ከንፈሯ ጠቆረ። ምን እንደማደርግ አላወቅኩም... መልሼ ተጫንኩት።

"ኣ........"

ተነፈሰች።

ሰሌዳዋን ፈልጋ ያዘች። ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ፈጀባት።

"አትልቀው።"

"እሺ፣ እትዬ" አልኳት በሹክሹክታ።

ለፒያኒስቱ ደወልኩ። የስልኩን ስፒከር ከፍቼ መሬት ላይ አስቀምጬ ነገርኩት። እሱ ግን እኔን አልነበረም የሚያዳምጠው፣ ከኋላዬ የሚሰማውን ነበር። "እንዳትለቀው፣ ልጄ" አለና አለቀሰ። አምቡላንስም ጠርቻለሁ። ሲመጡ ምን እንደምላቸው ግን አላውቅም።

አሁን አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ደጃፏ ላይ ተቀምጫለሁ። ሳምፕለሩ ጭኔ ላይ ነው፤ ገመዱ ክንዴ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ በግራ እጄ ነው።

አውራ ጣቴ ከደነዘዘ ቆይቷል።

እትዬ እየዘፈነች ነው... ዓይኗን ከጣቴ ላይ አላነሣችም።